የዱቤ ግድግዳ

ከማክሰኝት ገበያ ቁልቁል ሲታጠፉ፣
ወፍጮ ቤቱንና የዋርካውን ጥላ ሲያልፉ፣
አረንጓዴ ሳንቃ፣ ቀለሙ የረገፈ፣
«ጨው ስኳር ላምባ» ተብሎ በላዩ የተጻፈ፤
እዚያ ነው የማድር።

ከገዛሁት ሦስት ክረምት ተቆጠረ፤
«የሐጂ ሰይድኑር ሱቅ» መባሉ መች ቀረ?
በእኔ ስም የጠየቀ ሲንከራተት አመሸ፤
በሐጂ ስም የጠየቀ ሳይደክመው ደረሰ።

ባንኮኒው አልወጣ አለ። በሩ ጠበበው።
አናጢው ደሳለው በሜትር፣ በስንዝር፣ በዓይኑ ለካው፤
«ይሄ እዚሁ ውስጥ የተሠራ ነው» አለኝ፣ «መምህርት፣
ወይ ቤቱን ማፍረስ ነው፣ ወይ አብሮ መኖር ከእንጨት።»
አብሮ መኖር ይሻላል አልኩ።
የስንቱ ክርን ባለሰለሰው ላይ ሽንኩርት እከትፋለሁ፤
ደብተር አርማለሁ፤ እሑድ እሑድ ልብስ እተኩሳለሁ።
መሃሉ ላይ በምስማር የተቸነከረ ሽልንግ አለ፤
ሐሰተኛ ነው፤ ያመጣው ሰው በመጣ ቁጥር እንዲያየው የተባለ።

ዝናብ ሲጥል ወለሉ ላምባውን ያስታውሳል፤
የመደርደሪያው ስንጥቅ በርበሬ ያስነጥሳል።
«ቤትሽ ምን ምን ይላል?» አለች እህቴ ውባለም፣ አፍንጫዋን ይዛ።
«ዕቃ ዕቃ» አልኳት። «እኔን እኔን ለማለት ገና ነው።»

ሌሊት ደግሞ መስኮቱ ይንኳኳል።
«ባለሱቅ! ክብሪት አለ?»
«ሱቅ አይደለም አባባ፤ ሐጂም አረፉ፣ ሱቁም ተዘጋ።»
«ቀብራቸው ላይ ነበርኩ፤ ክብሪት ግን አለሽ ወይ፣ ሳይነጋ?»

አምና፣ ኖራ ላስቀባ ብዬ አሮጌውን ቀለም ስፍቀው፣
ከሥሩ በከሰል የተጻፈ ወጣ፤ የማውቀውም የማላውቀውም ሰው፦

    ታክላ፣ ጨው፣ አንድ ጣሳ።
    ቄስ ምትኩ፣ ጧፍ፣ ለፍልሰታ።
    አለባቸው አናጢው፣ ምስማር፣ ሩብ ኪሎ። በሩ ሲያልቅ እከፍላለሁ ብሏል።
    ማንጠግቦሽ፣ አቡጀዲ፣ ስድስት ክንድ።

የተከፈለው ተሰርዟል። ከማንጠግቦሽ አቡጀዲ ጎን ግን
«ለልጇ ከፈን ነው፤ አይጠየቅም» የሚል አለ፣
ፊደሉ የተንጋደደ።

አባቴ «የማንም ሳንቲም የለብኝ» እያለ ነው የኖረ፤
እንዲሁ እንዳለም ነው የተቀበረ።
በትከሻዬ ቁመት፣ ከማዕዘኑ ጥግ አገኘሁት፦

    ቢምረው፣ ስኳር፣ አንድ ኪሎ፣ ለአጥሚት። ሚስቱ ተገላግላለች።

ወሩን አየሁ። ቀኑን በጣቴ ቆጠርኩ።
እኔ ነኝ።
አልተሰረዘም።

ደሳለው ኖራውን በጥብጦ «ልጀምር?» አለ። ከዚያ የአባቱን ስም አየ።
ቡሩሹን ባልዲው አፍ ላይ አጋደመ።
«የኛ ቤት በር ነው» አለ፣ «ዛሬም ሲጥ ይላል።»
ሌላ አልተናገረም። ያቺን ግድግዳ ዘሎ ሦስቱን ቀባ፤
የእጁን ዋጋም የሦስት ግድግዳ ብቻ አስቦ ተቀበለኝ።

ቅዳሜ፣ አንድ ኪሎ ስኳር በፌስታል ይዤ ጎንደር ገባሁ፤
የሐጂን ልጅ ሉባባን አዲስ ዓለም፣ ከደጃፏ አገኘሁ።
ሳቀች። የነጋዴ ልጅ ሳቅ ነው፤ እየሳቀም ይደምራል፦
«ዱቤው እኮ ከነቤቱ ነው የተሸጠልሽ! ውልሽ ላይ ‹ከነሙሉ ንብረቱ› ይላል።
እንግዲህ አበዳሪዋም አንቺ፣ የባለዕዳው ልጅም አንቺ፤
እዚያው ተስማሙ።»

ስኳሩን ይዤ ተመለስኩ።
ባንኮኒው ላይ ነው፣ በጣሳ፤ ጉንዳን አግኝቶታል።
ከሰል አንስቼ ስሙ ፊት ቆምኩ። መሰረዝ አቃተኝ፤
ጥቁሩ እጄ ላይ ቀረ።

ክብሪት ግን ገዝቻለሁ፣ አንድ ደርዘን፤
መስኮቱ ሥር ነው። አልሸጥም።
እኚያ ሽማግሌ ትናንት ሌሊት መጡ፤
አንዱን ወሰዱና፣ ጨለማው ውስጥ ሊገቡ ሲሉ ዞር ብለው
«ጻፊው» አሉኝ።