አልጋ ወራሽ

ሰባት ፊደል ብቻ ነው የእናቴ ሕግ፤ ቁጠረው፤
ምንም አይጨመርበት፦ «ውሻ በደጅ ነው»።

ካዛንቺስ ሳለን ይሠራል ሕጉ፤ ደጅ ነበረን ለካ፤
የቆርቆሮ አጥር፣ አንድ የኮክ ዛፍ፣ ክረምት ጭቃው የማይለካ፤
ለውሻውም ቤት ነበረው፣ አባቴ ያበጀለት፣
ከኮምፔንሳቶ ቁርጥራጭ፣ ላስቲክ ከላይ ያለበሰለት።

ስሙን ቻለው ያለውም እሱ ነው፣ በአጥር ተጣልቶ፣
ከጎረቤቱ ጋር አፉን ዘግቶ፣ በውሻ ስም መልስ ሰጥቶ፤
ማታ ማታ በራፉ ላይ ቆሞ «ቻለው! ቻለው!» ሲል፣
ውሻው እየሮጠ ሲመጣ፣ ሰውዬው ሲቃጠል።

ኋላ አባቴ ሞተ። ኋላ ሰፈሩ ፈረሰ።
ግንፍሌ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ዕጣችን ደረሰ።
ደጅ ብትፈልግ ደረጃ አለ፤ ደረጃው የጋራ፤
«እዚህ ውሻ ማሰር ክልክል» ይላል፣ የኮሚቴው አደራ።

ሕጉ ደጁን ፈልጎ አጣ።

እናቴ ሳሎኑ መሐል ቆማ፣ ሻንጣ በእጇ እንዳለ፣
ቻለውን አየችው፤ አያት፤ ጭራው ተንጠለጠለ።
«እንግዲህ… በሩ ጋ» አለች።
ጆንያ ተነጠፈለት፣ ከጫማዎች ጋር።

በሳምንቱ ከፍሪጁ ሥር፤ ይሞቃላ ሞተሩ፤
በወሩ ከሶፋው እግር፤ አይታይም ድንበሩ።

ሶፋው! የእንግዳው ሶፋ፣ ዳንቴል እንደ ሙሽራ የለበሰው፣
እኔ ልጇ እንኳ «ተነሺ!» የምባልበት፣ ለሰው ለሰው፤
አንድ ቀን ከሥራ ስገባ
ቻለው ተጠቅልሎ ተኝቷል፣ በግራ በኩል፣
አባቴ ሃያ ዓመት ዜና እየሰማ ያሰረጎደው ስፖንጅ ላይ፣
ልክ ልኩን ሞልቶ።
እናቴ ምስር ትለቅማለች። ቀና አላለችም።
«ውረድ ብዬዋለሁ» አለች። «ሁለቴ።»

ከዚያ የንስሐ አባቷ፣ መምሬ ጽጌ፣ ቤት ሊባርኩ መጡ፤
ቻለውን መኝታ ቤት ቆለፍን፤ እሳቸው ሶፋው ላይ ተቀመጡ፤
ሲነሡ ጥቁር ካባቸው ላይ ቀይ ፀጉር፣ እንደ ገለባ፤
«ድመት አላችሁ?» አሉ። እናቴ፣ ውሸት የማታውቅ፣ «አዎን አባ»።
ይኼኔ ድመቲቱ ጮኸች፣ በወፍራም ድምፅ፣ ሁለቴ፤
«ጉንፋን ይዟታል» አሉ መምሬ፣ ጢማቸውን ይዘው። ቀላች እናቴ።

በነጋታው ሕጉ ተሻሻለ።
«ሶፋ ጨርቅ ነው፣ ይታጠባል። አልጋ ግን ሌላ ነው፤
ሰው የሚወለድበት፣ አባትሽ የተሰናበተን በዚሁ ነው፤
ዛሬ ውሻ ሊወጣበት? ነገ ምን ልንለው ነው?
አልጋ ወራሽ?»

ላይኛው ፎቅ የናርዶስ ውሻ ትራስ አላት፣ ስሟ ተጠልፎበታል፤
ታችኛው ፎቅ ሐጂ ሙዘይን ቻለውን ሲያዩ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ያልፉታል፤
(በኢድ ግን አጥንቱን በፌስታል ቋጥረው፣ «ለቻለው» ብለው ይልኩለታል)።
መሐል ላይ እኛ አለን፣
በአንድ ክንድ ከፍታ የምንሟገት።

ሐምሌ ነው። መብራት የለም። ነጎድጓዱ ከእንጦጦ ተነሥቶ፣
የግንፍሌን ወንዝ አሳብዶ፣ መስኮታችንን አንኳኩቶ፤
እናቴ ከጎኔ ነቅታለች፤ አልጋው አንድ፣ እኛ ሁለት፤
ጥፍሩ ወለሉን ቀጭ ቀጭ አደረገው፤ ቀረበ፤
ቆመ፣ እንደ ባለጉዳይ፣ ማኅተም ብቻ የቀረበት።

በጨለማው ውስጥ፣ ቀስ ብላ፣ «ቻለው» አለች።
እሱን ጠራች? ወይስ ሟቹን ለመነች?
አላውቅም። ብቻ የብርድ ልብሱ ግርጌ ከበደ፤
አንድ ነገር ሦስቴ ዞረ፣ ተጠቀለለ፤
ነጎድጓዱም ወደ ቦሌ ወረደ።

ጠዋት ብርድ ልብሱ በረንዳ ላይ ተሰቅሏል፤
«ውሃ ፈስሶበት ነው» ትላለች ለናርዶስ። ማን ጠይቋል?
ከዚያ ምስሯን ይዛ ተቀመጠች፤ እሱም ከእግሯ ሥር ነው፤
«እወቂ» አለችኝ፣ ጣቷን ቀስራ፣ «ውሻ በደጅ ነው»።