የእድር ደብተር

ደብተሩ ካሬ ነው፣ ጀርባው የተላጠ፣
የላዩን ጥግ ዝናብ፣ የታቹን አይጥ የጋጠ፤
ባዴት ገበያ ላይ ካቻምና ገዝቼው፣
እስከ ዛሬ ድረስ የሰፈር ጣጣ ጭኜው፣
አህያ ቢሆን ኖሮ ወድቆ ነበር ድሮ፤
በሱ ጫንቃ አለፈ የሁላችን ኑሮ።

እኔ ጸሐፊ ነኝ። ጡሩምባው ሲነፋ፣
ሁልጊዜ ያኔ ነው እስክሪብቶ የሚጠፋ።
ከልጄ ቦርሳ ውስጥ እርሳስ ሰርቄ እወጣለሁ፤
«ድንኳን አንድ። አግዳሚ ስምንት። ትልቅ ድስት ሁለት» እላለሁ፤
ከዚያ የቀረ ሰው፣ ስም በስም፣ አሥር ብር ቅጣት።
ሞት እንኳ ያዘገያል፤ እድር ግን አያውቅም ምሕረት።

ገጽ አራት ሐምሌ ነው፤ በረዶ የጣለ ዕለት፣
የውባንቺ ድንች አበባ ይዞ ሳለ፣ ድንገት፣
ባንድ ቀትር ነጣ። ልጆቿ ግን ሮጠው፣
በረዶውን በጣሳ ዝቀው፣ ስኳር ነስንሰው፣
«እማ፣ ቅመሺ» ቢሏት፣ ቀምሳ ሳቀች አሉ፤
እኔ ምን ልጻፍ? «እስከ መስከረም ከመዋጮ ነጻ» ነው ቃሉ።

ጤናው ደግሞ በየወሩ «የሚመጣው ቅዳሜ» ይላል፤
በርበሬው ይሸጥና፣ ማዳበሪያው ይከፈልና፣ ቅዳሜው ተመልሶ ይርቃል።
አንድ ማለዳ መጣ፣ ዶሮ በክንፏ አንጠልጥሎ፣
«ይችን መዝግባት» አለ፣ «ስድስት ወር ትሙላልኝ» ብሎ።
እድር ዶሮ አይቀበልም። ሕጉ ግልጽ ነው፣ ተፈርሟል።
ዶሮዋ ግን እኛ ቤት አለች፤ ዕዳው በእንቁላል ይቀንሳል።

ገጽ ዘጠኝ፦ አንሙት እና ይርዳው ናቸው፤
አንዲት ባሕር ዛፍ ናት፣ ወሰን ላይ በቅላ፣ ያጣላቻቸው።
ሦስት ዓመት ሙሉ አንዱ ካለበት ድንኳን፣
ሌላው ደጅ ቆሞ ነው የሚውል፣ ዝናብ ቢዘንብ እንኳን።
ነሐሴ ላይ ታዲያ የአንሙት በሬ፣ ቦራ፣
ከቦይ ወድቆ ቢያድር፣ ጭቃው ውስጥ ሲያጓራ፣
ገመድ ይዞ ማን ነው መጀመሪያ የደረሰ?
ይርዳው ነው! ባንድ እግር ጫማ፣ ጋቢውን ገልብጦ የለበሰ።
ሰፈሩ «እሰይ፣ ታረቁ» ብሎ ሳይጨርስ፣
በማግስቱ መጡ እኔ ዘንድ፣ ክስ በክስ፤
ይርዳው «ገመዴ ተበጠሰ» ሲል፣ አንሙት «ድሮም ያረጀ ነበር»፤
በሬው ግን ይግጣል፣ ከሁለቱም ድንበር።

ደስታም ይጻፋል፤ ግን ደስታ ጠርዝ ላይ ነው
(እድር ነን፣ ከደስታ ጋር ምን አገናኘን?)፣ በትንሽ ፊደል ነው።
«የምናሉ ልጅ ከደብረ ማርቆስ ነርስ ሆና መጣች»፤
«የሻረግ ላም፣ መካን የተባለችው፣ ወለደች»፤
«ወፍጮው ተሠራ፣ ቀበቶ መጣለት»፤
ይችን የጻፍኩ ቀን ማኅተም ሁሉ መታሁበት።

ገጽ ሃያ ሁለትን ቶሎ እገልጣለሁ።
የጻፈው እጄ ነው፤ እጄን የያዘውን ግን አላውቅም፣ እምላለሁ።
«አስካል ይልቃል። የጸሐፊው ባለቤት። ዕድሜ፦ አርባ አንድ።
ድንኳን አንድ። አግዳሚ ስምንት። የቀረ፦ ሁለት ሰው፣ ጎርፍ ዘግቶት መንገድ።
ቅጣት የለም።»
ጽሕፈቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ምንም አይልም።
«አርባ» ላይ ብቻ፣ የ«ባ» እግር ረዘም ብላለች፣
መስመሩን አልፋ፣ ታች ካለው ስም ላይ ቆማለች።

በሰባተኛው ቀን ይርዳው መጣ ወደ ማታ፣
የዘመመ አጥሬን አስሮ ሄደ፣ በዝምታ፤
በዚያችው ገመድ ነው፣ በተቀጠለችው።
ይሄን የትም አልጻፍኩም። የትኛው ዐምድ ነው የሚይዘው?

ዛሬ እሑድ፣ ስብሰባ። የቀረን ቅጠል ሦስት።
አንሙት «አዲስ ይገዛ» ቢል፣ ይርዳው «አይገዛም» አለ፣ ለስሙ ያህል ሙግት።
«አባ፣ እርሳሴን!» ትላለች ልጄ፣ ከደጅ ሆና፤
እሺ፣ ልጄ፤ አንዲት መስመር ቀርታኛለችና፦
«ውባንቺ ወለደች። ወንድ። መዋጮ የለበትም ገና።»