ሁለት መቶ እጥፍ

ማልካዝ ጣሪያ ስሎ በሌሊት ላከልኝ፣
"ክንፍ ይምሰል" የሚል ቃል ከሥሩ ጻፈልኝ።
ለመስቲያ መናኸሪያ፣ ለተራራው አገር፣
በረዶ ከገባ ለወራት ለሚከርምበት መንደር።

እኔ ክንፍ አላውቅም።
የማውቀው ሸክም ነው፣ የሚወርድበትን መንገድ፣
ከጣሪያ ወደ ወራጅ፣ ከወራጅ ወደ ምሰሶ፣
ከምሰሶ ወደ ምድር ሲሄድ።

ሶፍትዌሩን ከፈትሁ። ተንሸራታቾቹ በግራ ተደርድረው፦
የወራጁ ውፍረት፣ የቅስቱ ከፍታ፣
በረዶው በካሬ ሜትር ስንት ነው?
አንዱን ስነካው ሌላው ይነቃል፤
ቅስቱን ዝቅ ሳደርግ ምሰሶው ይጨነቃል።
"ትንሽ ይቅጠን፣ ትንሽ፣ እንደ ቅጠል ጫፍ" ማልካዝ በስልክ ይላል፤
ማሳያው ላይ መሃሉ ብርቱካን ሆኖ፣ ቀጥሎ ይቀላል።
"ቀላ" እላለሁ።
"የት ጋ?"
"አንተ የወደድከው ጋ።"
እሱ ሲቀንስ፣ እኔ ስጨምር፣ ነጋ።

በወሩ ከትብሊሲ መስቲያ ወጣን።
የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ እርጥብ ካፖርት ይሸታል።
ግድግዳው ላይ አበራሁት፦ ጣሪያው በረዶ ሲጫንበት፣
ቀስ ብሎ ሲረግብ፣ ሲመለስ፣ ዳግም ሲረግብ፣
እንደ ተኛ ሰው ደረት።

ሠላሳ ዓመት በዚያ ገደል አውቶቡስ የነዳ
ሶዛር የሚባል ሽማግሌ ተነሣ ከጓዳ ጓዳ፣
ከኋላ ወንበር፣ ቆቡን በእጁ እንደያዘ፦
"የሚጨፍር ጣሪያ ሥር የልጅ ልጄን አላቆምም።"
አዳራሹ አጉረመረመ።
የማልካዝ ፊት ከወራጁ ይልቅ ቀላ።

"አይጨፍርም፣ አባቴ" አልሁት። "አሥራ ስምንት ሚሊሜትር ነው፣
የአውራ ጣትዎ ስፋት።
ዓይን ስለማያየው ነው
ሁለት መቶ እጥፍ ያደረግሁት።"

አሰበበት። ቆቡን አዞረ።
"ሟች ባለቤቴም እንዲሁ ነበረች" ብሎ ጀመረ፤
"ከኔ የጎደለችውን ትንሽ ነገር
ሁለት መቶ አድርጋ ታያት ነበር።
ያም ሆኖ አልወደቅሁም።"
ተቀመጠ።
ጸሐፊዋ እየሳቀች ማኅተሙን መታችው።

በሁለተኛው ዓመት፣ ጥር ላይ፣ ስልኬ ጮኸ።
"በረዶው እስከ ጉልበት ጣሪያው ላይ ተኝቷል።
ከመሃሉ ወራጅ ቱምቢ ሰቅያለሁ፣ ጫፉ ላይ ዳዶ ታስሯል፤
ወለሉ ላይ በተከልሁት ዘንግ፣ በመስከረም፣ ምልክት ጭሬ ነበር።
ዳዶው ወርዷል። ሃያ አንድ ሚሊሜትር።"
"አሥራ ስምንት ነው።"
"ሃያ አንድ።"
"ክሩ ተስቦ ይሆናል።"
"ምን ክር? የፍሬን ሽቦ ነው" ብሎ ዘጋው።

ሦስት ሚሊሜትር ሰው አይገድልም። ደንቡ ከዚህ እጥፍ ይፈቅዳል።
ግን ከየት መጣች? ሌሊቱን ሙሉ ይህ ይነዘንዘኛል።
የበረዶውን ክብደት አየሁ፣ የጥዱን እርጥበት፣
የምሰሶውን እግር፣ ነፋሱን በመጣበት፤
እና መጋጠሚያዎቹ ጋ ስደርስ አፈርሁ።

ብሎን ሁሉ ጥብቅ ነው፣ ቀዳዳ ሁሉ ልክ ነው ብዬ
ጽፌ ኖሯል።
እዚያ ግን አንድ ልጅ፣ ጣቶቹ በብርድ ደንዝዘው፣
ቀዳዳውን በፀጉር ያህል አስፍቶ በስቷል፤
ብሎኑ ከመያዙ በፊት ትንሽ ይንሸራተታል።
ማንም አልዋሸም፣ ማንም አልሰነፈም።
እንጨት ሸክም ከመቀበሉ በፊት
ቦታውን ይፈልጋል።

አዲስ ተንሸራታች ጨመርሁ፣ ከዜሮ እስከ ሁለት።
ስም ጠየቀኝ ሶፍትዌሩ፤ የሽማግሌውን ሰጠሁት።
በትንሹ ገፋሁት፦ አሥራ ዘጠኝ።
ሃያ።
ሃያ አንድ ላይ እጄን አነሣሁ።

ጠዋት ማልካዝ ፋይሉን ከፍቶ
"ሶዛር የሚለው ምንድን ነው?" አለኝ።
"የማላውቀው" አልሁት።
"ከእንግዲህ በሠራነው ጣሪያ ሁሉ ይገባል።
ዜሮ እንዳታደርገው።"