የዙር ሒሳብ

ሦስት ኪሎ ሜትር ከሩብ፣ አሥራ አንድ መታጠፊያ፣
ዳር ዳሩ አኩሪ አተር፣ ማዶው የላም መዋያ፣
ሣር አስፋልት ሰንጥቆ ቀና ያለበት ቦታ፣
ባቡር የረሳት ከተማ፣ ኮሎኒያ አርሴና፣ ጸጥታ።

እኔ ዙሌማ ነኝ፣ የክለቡ ገንዘብ ያዥ፣
ሃያ ስድስት ዓመት ከባንክ ባንክ ተጓዥ።
መኪና ነድቼ አላውቅም፤
ግን ቁጥር ሲታጠፍ፣ ቁጥር ሲንሸራተት፣
ፍሬኑ እንደ ተበጠሰበት
ከደብተሬ መስመር ወጥቶ ሲገለበጥ አይቻለሁ፣
ከሥሩም ጎትቼ የሞተ ድምር አውጥቻለሁ።

ብድሩ ወለድ ወለደ፤ ወለዱ አደገና
ጎጆ ወጥቶ፣ ልጆቹን ላከብን እንደገና።
ፔሶ እንደ በረዶ ነው፤ ጠዋት በመዳፌ ጨብጬ፣
የመብራት ክፍያ ወረፋ ላይ ውሃ ይዤ ተቀምጬ፣
ስሜ እስኪጠራ
እጄን በቀሚሴ አብሳለሁ።

መጀመሪያ የሸጥነው የተመልካቹን መደገፊያ፣
ብረቱ በኪሎ ሄደ፣ ለአሳማ ጋጣ መዝጊያ።
ቀጥሎ ድምፅ ማጉያውን፣ ቀጥሎ የጎማውን ክምር፣
ቀጥሎ፣ ይኼንንስ ባልጻፍኩት፣ የአምቡላንሱን ሞተር።
የዳኞቹን ማማ ግን የሚገዛው ሰው ጠፋ፤
ጉጉት ሰፈረችበት፣ ያለ ኪራይ፣ ክንፏን አራግፋ።

የእህል ነጋዴው ጋስታልዲ መጣ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣
አፈሩን በጫማው ጫፍ ጫር ጫር አድርጎ ጠየቀ።
‘አስፋልቱን ገፍፌ ላርሰው’ አለ፤ ‘ከሥሩ ያለው መሬት
ስድሳ ዓመት ጦሙን ያደረ ነው፤ ይወልዳል በየዓመት።’
እውነቱን ነው። ዋጋውም ክፉ አይደለም።
ደብተሬ ቢጠየቅ ‘ሽጡና ተገላገሉ’ ባይ ነው፤
ደብተር ጆሮ የለውም።

ሐሙስ ማታ በእሳት አደጋ ጣቢያ ተሰበሰብን፣
የኛውን አዳራሽ መብራቱን ቆርጠውብን።
ሮሰንዶ ተነሣ፣ ባንዲራ አውለብላቢው፣
ሦስተኛው ኩርባ ሁለት ጣቱን የበላበት ሰው።
‘መሪ ነው ያጣነው’ አለ። ሊቀ መንበሩ ቀና አለ።
‘የመኪና ነው የምልህ’ ብሎ በእናቱ ማለ፤
‘ጋራዥ የተኛችው የወንድሜ ቀይ መኪና ሞተሯ ይነሣል፣
መሪዋን ግን አምና ለዕዳው ሸጦታል።’

ያኔ ነው ኔሊዳ፣ ብየዳ የምትማረው፣ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ፣
ከቦርሳዋ የትራክተር መሪ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ያኖረችው።
ከየት እንዳመጣችው
ማንም አልጠየቀ።

እኔም አፌን ፈታሁ።
‘በፔሶ አንቁጠር፤ ይቀልጣል። አስፋልቱን በሜትር እንሽጠው፤
አንድ ሜትር ባንድ ጆንያ አኩሪ አተር፣ ለሚወደንም ለሚጠላንም ሰው።
ሜትር የገዛ ሣሩን ይነቅላል፣ ስንጥቁን ይደፍናል፤
ስሙ በነጭ ቀለም ጠርዙ ላይ ይጻፋል።’
ጋስታልዲ ከኋላ ወንበር ሳቀ፤ ‘ጆንያውን የት ልታኖሩት ነው?’
‘ካንተ ጎተራ’ አልኩት። ‘ኪራዩስ?’
‘የመጀመሪያው ሜትር ነው።’

እስከ ዛሬ የተሸጠው አራት መቶ አሥራ ሁለት ሜትር፣
ከመነሻው መስመር እስከ ሁለተኛው ኩርባ ሥር።
ይህ ዙር አይባልም፤ ቅስት ነው፣ የጥፍር ቁራጭ የመሰለ።
የባንኩ ቀነ ገደብ መጋቢት ማብቂያ ነው። እንጃ።

እሑድ ቀይዋ መኪና ተነሣች፣
ኔሊዳ የትራክተሩን መሪ ጨብጣ፣
ሮሰንዶ ባንዲራውን በሦስት ጣት ይዞ።
አራት መቶ አሥራ ሁለቱን ሜትር ባንድ ትንፋሽ ጨረሰች።
ከዚያ ወዲያ ሣር ነው። ቆመች።
በኋላ ማርሽ፣ ቀስ ብላ፣ ወደ መነሻው ተመለሰች።

ጉጉቷ ግን ከማማው ደንግጣ ወጣች፣
አሥራ አንዱንም ኩርባ አንድ ሳታስቀር በዝቅታ ዞረች፣
ከጫጩቶቿ ዘንድ ገባች።
ሰዓት ይዤላት ነበር፤ አምስት ደቂቃ ከሃምሳ።
በደብተሬ ኅዳግ ጻፍኩት፣ ከገቢና ከወጪው ውጪ፣
በእርሳስ ነው፤ ግን እንዳይረሳ።