ሁለት ዙር

ብርድ ልብስ ፋብሪካው ጡረታ ሲያወጣው፣
አጎቴ ሸዋንግዛው ከዚያ ይዞ የመጣው
አንድ ፌስታል ክር ነው፤
ብርቱካን፣ አመድማ፣ የደረቀ ሣር መሳይ፣
ተጠምጥሞ የቀረ በማበጠሪያው ጥርስ ላይ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለሰው ሙቀት ፈትሎ፣
አሁን ዝንብ ያለብሳል፣ መብራት ሥር ጎንበስ ብሎ።

ማታ ማታ ውርጩ ጠባሴን ሲቆረጥም፣
እሱ ክር ሰም አልሶ መንጠቆ ላይ ሲጠመጥም፣
(መቆንጠጫው የብስክሌት ፍሬን ነበር ዱሮ)
የቆቅ ላባ ያነሳል፣ አንድ አንዱን ቆጥሮ፤
ያውም የደረቷን፣ ያንን ለስላሳውን፣
ገበሬ ከወጥመድ ሲፈታት የጣለውን።

«ሁለት ዙር» ይለኛል፤ «ሁለት ዙር ይበቃል።
ሦስተኛውን ካልክ ስስት ነው፤ ዓሣ ያውቃል።
ላባው እንዲተነፍስ ቦታ ተውለት፣
ውሃ ይግባበት፣ ውሃ ይውጣበት።»

እኔ ስድስት አዞርኩ። ተንጨፍርሮ ወጣ፣
የሰርግ ቤት መጥረጊያ!
አየው። ዝም ብሎ፣ ሳይስቅ፣ ሳይቆጣ
በምላጭ ፈታልኝ።

የተማረው ባሌ ነው፣ ዲንሾ ድልድይ ሥር፣
ልጅ እግር ሳለ፣ ለቀያሾች ሰንሰለት ሲጎትት፣ ሲሰፍር።
እዚያ ትራውት አለ፤ ጎኑን ተነቅሶ
ሰማጭ ዝንብ ይጠብቃል፣ ድንጋይ ተንተርሶ።
በሬሳ ላይ ግን አንድም ትራውት የለም።
ያውቃል።
ቅዳሜ ቅዳሜ መወርወሩን ግን አይተውም።

ባለፈው አብሬው ሄድኩ፣ ከድልድዩ ባሻገር፤
ልብስ አጣቢዎች ሳቁ፣
«መጣ ደግሞ፣ ከውሃ ጋር በገመድ ሊነጋገር!»
ከሣጥኑ መርጦ የኔዋን አወጣ፣
ሁለት ዙሯን፣ ከብዙ ፍታት በኋላ የመጣች፣ ትንሽ የጠመመች።
ደረቅ ሳለች ምንም፣ የወለቀች ቅንድብ፤
ይህች ናት እንዴ ዝንብ?
ውሃ ሲነካት ግን ተከፈተች፣ ተከደነች፣
ያቺ የሞተች ቆቅ
በደረቷ ላባ እንደገና ተነፈሰች።

ጣት የምታህል ዓሣ መጥታ አሸተተቻት፣
በአፏ ለካቻትና፣ በዛችባት፣ ተወቻት።
«አየሃት?» አለኝ።
«አየኋት» አልኩ።
ሌላ አልተናገርን። ገመዱን ጠቀለልኩ።

ሲመሽ ፌስታሉን ፈታን፤
ብርቱካኑ አልቋል፣
ከአመድማው ጀመርን።