ሐመሩ ሐ

ቀን ቀን ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ነው ወንበሬ፤
«ጉዳዩ፦» ብዬ ጀምሬ፣
«ከሠላምታ ጋር» ብዬ አስሬ
(በንጉሡ ሠ፤ ስሕተት ነው፤ ግን ዳኞቹ ለምደውታል)
የሰው ድንበር፣ የሰው ላም፣ የሰው ፍቺ ስከትብ ይመሻል፤
ማታ ሽምብጥ እገባለሁ፤ የራሴ ተራ ደርሷል።

የራሴ ግን እንዲህ በቀላል አይመጣም።
እርሳስ እቀርጻለሁ፣ የተቀረጸውን ደግሜ፤
ሰዓቴን አየዋለሁ፣ ባትሪው ያለቀውን፣ ቆሜ፤
ጎረቤቴ ባጃጁን ሊያጥብ ወደ ዳር ሲነዳ እሰማለሁ፤
እኔም ሳህን ላጥብ እላለሁ፤
ውሃ የለም።
«ውሃ ሄደ» እንላለን፣ እግር እንዳለው መንገደኛ፤
ሐይቁን በመስኮት እያየን በጄሪካን ተሰላፊ እኛ።

ሰበብ ሲያልቅብኝ እቀመጣለሁ።
እጄ ልማድ አለበት፤ ሦስት መስመር ሳይሞላ
«ነገር ግን» ይላል። እሰርዘዋለሁ። በኋላ
«ይሁን እንጂ» ሆኖ ይጠብቀኛል፣ ኮት ቀይሮ እንደ ሌባ።
ቅጽልም እንደ እምቦጭ ነው፤ ሐምራዊ አበባ፣
ማታ ሲያዩት ደስ ይላል፤
ጠዋት ውሃውም ዓሣውም የለም፣ ገጹን እሱ ሞልቶታል።
ነቀላው ደግሞ በእጅ ነው፤ እስከ ወገብ ገብቶ፣ አንድ በአንድ፣
ጀርባ እስኪነድ።

ቋንቋችን ግሡን መጨረሻ ያቆያል፤ ይኼ የኔ ጥፋት አይደለም።
ሰውዬው፣ በሌሊት፣ ከዘጌ፣ በታንኳ፣ ማገዶ ጭኖ፣ ልጁን ይዞ —
ደረሰ?
ሰጠመ?
አንባቢ አያውቅም፤
እኔም አላውቅም። እርሳሴን አንሥቼ እጠብቃለሁ፤
ብዙ ጊዜ መብራት የሚሄደው እዚያች ላይ ነው።

ፊደሉም የሚጠብቀውን ከሚላላው ለይቶ አይነግርም።
«ሐይቁ ሰፊ ነው» ብዬ ብጽፍ
ወዳጄ መኳንንት አነበበና
«የማንን ልብስ ነው የሚሰፋው?» አለኝ።
ተናደድሁ።
ያን ዕለት ማታ ግን ሳየው፣ ነፋሱ በነጭ ክር
ዳርቻውን ሲዘመዝም ነበር።

አሁን ደግሞ ትርሲት፣ ማተሚያ ቤት ያለችው፣
«ኸዚህ» ያልሁትን «ከዚህ» ብላ አቃናችው።
እናቴ በሕይወቷ «ከ» ብላ አታውቅም፤
እሱን እንኳ ዝም አልሁ።
ቀጥላ ግን «ሐ»ን ሁሉ ለቅማ «ሀ» አድርጋ ላከችልኝ፤
«ድምፁ እኮ አንድ ነው፤ ሦስት ሀ ምን ያደርጋል?» አለችኝ።
እውነቷን ነው። ጆሮ አይለየውም።
የኔታ ዳምጤ ግን በአርጩሜ ነበር ያስለዩኝ፦
ሃሌታው ሀ፤ ሐመሩ ሐ፤ ብዙኃኑ ኀ።
ሐመር ማለት መርከብ። እሷ የላከችው «ሀይቅ» ባዶ ውሃ!

ገጾቹን ይዤ ወደ ዳር ወረድሁ። አያ እንድሪስ ደንገል ያስራሉ።
«ምን ጠፋብሽ?»
«ታንኳ» አልኋቸው፤ «ኸሐይቁ ላይ አወጡብኝ።»
«ታንኳማ በየማታው ይወጣል» አሉኝ፣ ቋጠሮውን በጥርሳቸው እየሳቡ፤
«ያላወጡት ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል።
ደርቆ ይደር። ጠዋት ትመልሽዋለሽ።»

ወረቀቶቹን መስኮቱ ላይ ዘርግቼ ተኛሁ።
ጠዋት በእርሳስ መለስኋቸው፤
«ሐይቅ» ላይ አንድ፣
«ፀሐይ» ላይ አንድ፤
ብዙውን ለትርሲት ተውሁላት፣ እሷም እውነት አላት።
«ጸሐፊ» ላይ ስደርስ እጄ ቆመ፤
ከጸሎቱ ጸ ኋላ፣ መሐል ላይ፣ ቀስ ብዬ አስቀመጥኋት።
ትንሽ ውሃ ታስገባለች።

ሁለት ሰዓት ሆነ። ወንበሬን ይዤ ወጣሁ፤
አጥሩ ሥር አንድ ሰው ቆሟል፣
ጉዳዩን በጉያው ይዞ።