ምንጭ ይጠቀስ

በጥራዜ ኅዳግ ላይ፣ በቀይ ቀለም፣ በቁጡ እጅ፦
«ምንጭ ይጠቀስ።»
ሁለት ቃል። ከከዚራ ጥላ እስከ ቀፊራ ድረስ
ይዤው ዞርኩ፣ እንደ ጫማ ውስጥ ጠጠር፣
ስራመድ የሚቆረቁር፣ ስቆም የሚሰወር።

ዓይን ይጠቅሳል፦ የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ነጃት፣ ያኔ፣
ከጥቅል ሻሽ ጀርባ፣ አንዴ ብቻ፣ ወደ እኔ።
አስር ዓመት ፈታሁት፤ ማጣቀሻ የለው፤
ወይ ጠርታኝ ነው፣ ወይ አቧራ ገብቷት ነው።

ብዕር ይጠቅሳል፦ አባቴ፣ የባቡር ጣቢያው ጸሐፊ፣
ከቀለም ጠርሙሱ እየጠቀሰ መዘገበ መጪና አላፊ።
ሳይጠቅሱ መጻፍ የለም ነበር ያን ጊዜ፤
ደረቅ ብዕር ወረቀት ይቧጥጣል፣ እንደኔ አባዜ።

ፎቅም ይጠቅሳል፦ «ሰማይ ጠቀስ» ይሉታል አዲሱን፣ ባለ አራቱን።
ምን ያድርግ፣ ሙቀቱ ነው ያወረደው ሰማዩን።

ባጃጁ ውስጥ ጥቅስ አለ፣ ከመስታወቱ በላይ፦
«የቸኮለ ሰው መልሱን ይረሳል።»
«ማነው ያለው?» አልኩት ሾፌሩን።
«አቦ፣ የለጠፈው ነዋ!» ብሎኝ መልሴን ረሳ።

ደቻቱ ደርቋል።
ፍየሎች፣ ኳስ፣ አንድ የተገለበጠ ጎማ።
አዴ ኬሪያ ከድልድዩ በታች በጣሳ አሸዋ ትዝቃለች።
ያ መምህሩ ያሰመረበት ዓረፍተ ነገር
የሷ ነበር፦
«ይህ ወንዝ አይደርቅም፤ ይተኛል እንጂ።»
ዓመት የለው። ገጽ የለው። አሳታሚ የለው።

«አዴ፣» አልኳት (አንቱታ እዚህ አገር አይበቅልም)
«ይችን ነገር ከማን ሰማሻት?»
«ካማቴ።»
«አማትሽስ?»
«ካማቷ።»
«እሷስ?»

ጣሳውን አስቀመጠች።
ክንዷን እስከ ብብቷ ጉድጓዱ ውስጥ ሰደደች፣
ፊቷን ወደ እኔ አዙራ፣ ጉንጯን አሸዋው ላይ አሳርፋ፣
የጠፋ ቀለበት እንደምትፈልግ ሁሉ፣
ቆየች፤ ቆየች፤
ጠቀሰች።
ጣቷ እርጥብ ሆኖ ወጣ። አፍንጫዬ ስር አቆመችው፣
ጭቃ ጭቃ ይሸታል።
ከዚያም በአንድ ዓይኗ ጠቀሰችኝ፣
ያለ አንዳች አቧራ።

ማታ የግርጌ ማስታወሻ ጻፍኩ፦
ኬሪያ። ደቻቱ፣ ከድልድዩ በታች። ግንቦት።
ጥልቀት፦ አንድ ክንድ ሙሉ።

ገጹን መጠየቁ አይቀርም።
አሸዋው ገና ጥፍሬ ውስጥ ነው።